ዊንዶውስ 11 ካስገባን በኋላ የቢሮው ሼር ለምን እምቢ አለ?

ሰኞ ጠዋት ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን ትከፍታለች። ቅዳሜ የአይቲው ልጅ መጥቶ ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድጎላታል። ቴሌግራሟ ይሠራል። ኢሜይል ይገባል። ሼር የሚባለውን የቢሮውን የጋራ ፎልደር ስትጫነው ግን አይከፈትም። ኮሪደሩ ላይ ያለው ትልቁ ኮፒ ማሽን ስካን ያደረገውን ወረቀት ወደ እሷ መላክ አቅቶታል። የሒሳብ ሶፍትዌሯ ፒችትሪም የድርጅቱን ፋይል አላገኘሁም ይላታል። «ኔትወርክ የለም» ብላ ትደውላለች። ልጁ ደግሞ «ኢንተርኔት እየሠራ እንዴት ኔትወርክ የለም ይባላል?» ይላታል።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ገመዱ ደህና ነው፤ ራውተሩም ደህና ነው። የተቋረጠው በመሣሪያዎቹ መካከል የነበረው መግባባት ነው። እሱ ምን እንደነበር ካወቅን መመለሱ ብዙ አይከብድም።

ለምን አሁን በአንድ ጊዜ በየቢሮው ተከሰተ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን የደኅንነት ማሻሻያ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው። ኮምፒውተሩ በማግስቱም ይነሳል፣ ይሠራል። ግን አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። ጊዜ መግዛት ለሚፈልግ የተራዘመ የማሻሻያ ፕሮግራም አለ። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ይዘልቃል። ድርጅቶች ግን ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ይከፍላሉ፤ ዋጋውም በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ቢሮ አሳድጎ መገላገልን መረጠ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። ዊንዶውስ 11 የወጣው በኦክቶበር 2021 ነው። ያኔ ወዲያው ያሳደጉ ሰዎች ሼራቸው ብዙም አላስቸገራቸውም። አሁን የሚያሳድጉ ግን የሚያገኙት በ2024 መጨረሻ የወጣውን 24ኤች2 የሚባለውን እትም ወይም ከእሱ በኋላ የመጣውን ነው። የኔትወርክ ደንቡ የጠበቀው በዚህ እትም ላይ ነው። ከድሮም ዊንዶውስ 11 ላይ የነበረ ሰው፣ አንድ ቀን ማሻሻያ ገብቶ ሲነሳ ያው ችግር የሚገጥመው ለዚህ ነው። ስሙ አልተቀየረም፤ ውስጡ ግን ተቀይሯል።

ኮምፒውተሮች «ተግባቡ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የሰው ቤት ስትሄዱ በሩን ገፍታችሁ አትገቡም። «ቤቶች!» ትላላችሁ። ከውስጥ «ማን ልበል?» ይባላል። ስማችሁን ትናገራላችሁ። ድምፃችሁ ይታወቃል፣ በሩ ይከፈታል። ይህ ቅደም ተከተል የትም ባይጻፍም ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል።

ኮምፒውተሮችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ሌላው ዘንድ ያለ ፎልደር ለመክፈት ሲፈልግ የሚከተለው ሥርዓት ፕሮቶኮል ይባላል። በዊንዶውስ ዓለም ፎልደር እና ፕሪንተር ለመጋራት የሚያገለግለው ፕሮቶኮል ኤስኤምቢ ይባላል። ስሙን ሰምታችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ። ሼር በከፈታችሁ ቁጥር ግን ስትጠቀሙበት ኖራችኋል።

በኤስኤምቢ ሁለት መሣሪያዎች ከመነጋገራቸው በፊት ሦስት ነገር ላይ ይስማማሉ። በየትኛው ቋንቋ እናውራ? አንተ ማነህ? የምትልከው ወረቀት ማኅተም አለው ወይ? ሼሩ እምቢ ያለው ከሦስቱ በአንዱ ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው።

ቋንቋው ምን ሆነ?

የመጀመሪያው ኤስኤምቢ የተነደፈው በ1980ዎቹ ነው። ሁለተኛው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር፣ ሦስተኛው በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር መጣ። ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ብዙ የቆዩ ኮፒ ማሽኖች እና ናስ የሚባሉት የኔትወርክ ማከማቻዎችም እንዲሁ።

ማይክሮሶፍት ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ አንደኛውን ቋንቋ ከአዲስ ዊንዶውስ ላይ እያወጣው ነው። አወጣጡ ግን ሰውን ግራ ያጋባል። የነበረው ዊንዶውስ ላይ አፕግሬድ ከተደረገና አሮጌው ቋንቋ በሥራ ላይ ከነበረ ሊቆይ ይችላል። ለ15 ቀን ያህል ካልተጠቀመበት ራሱን ያነሳል። ፎርማት ተደርጎ ከዜሮ የተጫነ ኮምፒውተር ላይ ግን ከመጀመሪያውም የለም። «የእሷ ከፈተ፣ የእኔ አልከፈተም፤ ሁለታችንም ዊንዶውስ 11 ነን» የሚለው ቅሬታ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። አንዷ አሳድጋለች፤ አንዱ ፎርማት አስደርጓል።

«ማን ልበል?» ሲባል ስም አለመናገር

አሁን ብዙ ቢሮ የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደረስን። ትንሽ እንቆይበት።

ሼር ሲሠራ ፓስወርድ አስቸጋሪ ነው። ሠራተኛው ይረሳዋል፣ አይቲው ይጠራል። ስለዚህ ሼሩን የሠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ኤቭሪዋን» ብሎ ለሁሉም ይከፍተዋል፤ በፓስወርድ መግባት የሚለውንም ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ኮምፒውተር ሲመጣ ስሙን ሳይናገር ይገባል። ዊንዶውስ ይህን «ጌስት» ይለዋል። እንግዳ ማለት ነው። «ማን ልበል?» ሲባል «እንግዳ ነኝ» ብሎ የሚገባ ሰው አስቡ። ዓመት ሙሉ በየቀኑ ይገባል፣ ይወጣል፤ ማን እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ከ24ኤች2 ጀምሮ፣ ፕሮ በሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ላይ፣ ኮምፒውተሩ እንዲህ ባለ መንገድ ወደሌላ ዘንድ መግባቱን ተወ። የሚያወጣው መልእክት የድርጅታችሁ የደኅንነት ፖሊሲ ማንነቱ ያልተረጋገጠ የእንግዳ መግቢያን ከልክሏል ይላል። ይህን ያነበበ ሠራተኛ አለቃው የከለከለው ይመስለዋል። አለቃው የሚያውቀው ነገር የለም። «ድርጅታችሁ» የተባለው የዊንዶውሱ አዲስ ደንብ ነው።

ማኅተሙስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ማኅተም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ደብዳቤው የቱንም ያህል ቢያምር ክብ ማኅተም ከሌለው መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ትመልሰዋለች።

ኤስኤምቢም ማኅተም አለው። በኔትወርክ የሚላከው እያንዳንዱ መልእክት በምስጢር ቁልፍ የተሠራ ፊርማ ይደረግበታል። መንገድ ላይ አንድ ፊደል ቢቀየር ፊርማው አይገጥምም፤ ተቀባዩም ይጥለዋል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። ልዩነቱ ድሮ በፍላጎት መሆኑ ነበር። ከ24ኤች2 ጀምሮ ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝ እና ኤዱኬሽን በሚባሉት የዊንዶውስ ዓይነቶች ላይ ግዴታ ሆኗል፤ ወደሌላ ስንሄድም፣ ሌላው ወደ እኛ ሲመጣም። ሆም በሚባለው ዓይነት ላይ ግዴታው የለም። ስለዚህ ከቤት የመጣ ላፕቶፕ ከፍቶ የቢሮው ኮምፒውተር ባይከፍት አይግረማችሁ።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ብዙ ቢሮ ውስጥ የዋይፋይ ፓስወርዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እንግዳም፣ ተማሪም፣ ስልክ የያዘ ሁሉ ይገባል። ያ ኔትወርክ ውስጥ የገባ ክፉ ሰው በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ቆሞ የአንዱን ንግግር ሊቀማ፣ ለውጦ ሊያስተላልፍ ወይም የሌላ ሰው መስሎ ሰርቨሩ ላይ ሊገባ ይችላል። ማኅተሙ ካለ አይችልም።

እዚህ ላይ ሁለቱ ደንቦች ይገናኛሉ። ማኅተሙ የሚቀረጸው ከመግቢያው ፓስወርድ ከሚገኝ ቁልፍ ነው። እንግዳው ፓስወርድ የለውም። ፓስወርድ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ ማኅተም የለም። ስለዚህ «ማኅተም ግዴታ ይሁን፣ ግን ሼሩ ለሁሉም ክፍት ይቆይልኝ» ማለት አይቻልም። ብዙ የአይቲ ልጆች ሼሩን በድጋሚ «ኤቭሪዋን» እያሉ ሰዓታት የሚያባክኑት ይህን ሳያውቁ ነው። ፈቃዱ ላይ ምንም ችግር የለም። የጎደለው ስሙ ነው።

ታዲያ እንዴት ይስተካከላል?

ሼሩ ያለበት ኮምፒውተር ላይ የተጠቃሚ ስም እና ፓስወርድ ፍጠሩ። ከተቻለ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን፤ ካልተቻለ ቢያንስ ለክፍሉ አንድ። ፎልደሩ ላይ ለዚያ ስም ፈቃድ ስጡ። ከዚያ በአዲሱ ዊንዶውስ ሼሩን ስትከፍቱ ያንኑ ስም እና ፓስወርድ አስገቡና እንዲያስታውሰው ምልክት አድርጉ። ሠራተኛው ከዚያ በኋላ በየቀኑ አይጠየቅም። ናስ ከሆነ ደግሞ በራሱ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብታችሁ እንግዳ መግቢያውን ዝጉ፣ ተጠቃሚ ፍጠሩ፣ ፊርማውን አብሩ፤ ዝቅተኛውን ቋንቋም ኤስኤምቢ 2 አድርጉ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ፒን ነው። ዊንዶውስ ሲከፈት የምትነኩት አራት ወይም ስድስት አሃዝ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ በኔትወርክ አይሠራም። የሚፈለገው እውነተኛው ፓስወርድ ነው። ፒን ከለመዱ በኋላ ፓስወርዳቸውን የረሱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ «ትክክለኛውን እያስገባሁ አይቀበለኝም» የሚሉት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው ባዶ ፓስወርድ ነው። ፓስወርድ የሌለው ተጠቃሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መግባት ይችላል፤ በኔትወርክ ግን ዊንዶውስ አያስገባውም።

ኮፒ ማሽኑ ትንሽ ያስቸግራል። ስካን አድርጎ ወደ ፎልደር የሚልከው ማሽን ራሱ አንድ ኮምፒውተር ነው። እሱም አሮጌ ቋንቋ ተናጋሪ ወይም ማኅተም የሌለው ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ አምራቹ ለዚያ ሞዴል አዲስ ፈርምዌር አውጥቶ እንደሆነ ጠይቁ። ፈርምዌር የማሽኑ የራሱ ውስጣዊ ሶፍትዌር ነው። ብዙ ጊዜ አለ፤ ማንም ስላልጫነው ነው። ከሌለ ስካኑ ወደ ኢሜይል ወይም ወደ ፍላሽ ይሂድ። የማያምር መፍትሔ ነው፤ ይሠራል ግን።

ጥበቃውን አጥፍቶ መገላገል አይቻልም?

ይቻላል። ዩቲዩብ ላይ የምታገኟቸው አብዛኞቹ መፍትሔዎች እሱን ነው የሚያሳዩት። ማኅተሙን አጥፋ፣ እንግዳውን ፍቀድ፣ ኤስኤምቢ 1ን መልሰህ ጫን። አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ሼሩ ይከፈታል፣ ሁሉም ይደሰታል። እኔ ግን፣ በተለይ ሦስተኛውን፣ እባካችሁ አታድርጉት እላለሁ። ምክንያቱን ለማየት በፈረንጆቹ ወደ 2017 እንመለስ።

በዚያ ዓመት ሜይ 12 ቀን ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ተነሳ። ፋይሎችን ይቆልፋል፣ ለመክፈት በቢትኮይን ገንዘብ ይጠይቃል። አስፈሪ ያደረገው አካሄዱ ነው። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም ምንም ሳይጫን በኔትወርኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገር ነበር። የተሻገረበት በር ኤስኤምቢ 1 ውስጥ የነበረ ቀዳዳ ነው። ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን መታ። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ።

የሚያንገበግበው ነገር መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች፣ ወጥቶ ነበር። ያልጫኑት ናቸው የተመቱት። ቀዳዳው ዛሬ ተደፍኗል። ቋንቋው ግን በባሕርዩ ደካማ ነው፤ ዘመናዊው መከላከያ ውስጡ የለም። በአንድ ኮፒ ማሽን ምክንያት መልሶ መጫን፣ ለአንድ እንግዳ ብሎ የግቢውን በር ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ማሳደር ነው።

ሥራ ቆሞ፣ የወሩ ደመወዝ መከፈል ኖሮበት፣ ሌላ መንገድ ጠፍቶ ማኅተሙን ለጊዜው ማጥፋት የሚያስገድድ ቀን ሊመጣ እንደሚችል ይገባኛል። እንዲያ ከሆነ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሁን፤ የትኛው ላይ እንደጠፋም ይጻፍ።

ፒችትሪስ ለምን አልከፈተም?

ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ዘንድ ግን አሁንም ፒችትሪ ነው። ኮሌጅ ያስተምሩታል፣ የሥራ ማስታወቂያ ይጠይቀዋል። ብዙ ቢሮዎች የሚጠቀሙትም የቆየውን እትም ነው።

ብዙ ሰው ያልተገነዘበው፣ ፒችትሪ በኔትወርክ ሲሠራ በሁለት መንገድ መነጋገሩን ነው። አንደኛው ሼር ነው፤ የድርጅቱ ፋይል ያለበት ፎልደር። ሁለተኛው ከጀርባ ያለው ፐርቫሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር ነው፤ እሱ በራሱ በር ይነጋገራል። ሼሩ ተስተካክሎ ፒችትሪ አሁንም እምቢ ካለ ሁለተኛውን መንገድ ፈትሹ።

አብዛኛውን ጊዜ እሱን የሚዘጋው የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ዘበኛ፣ ፋየርዎሉ፣ ነው። ዊንዶውስ እያንዳንዱን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» ብሎ ይመድባል። ፐብሊክ ማለት እንደ ካፌ ዋይፋይ የማላምነው ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 አዲስ ኔትወርክ ሲያይ በራሱ ፐብሊክ ያደርገዋል። ከአፕግሬዱ ወይም ከፎርማቱ በኋላ የቢሮው ኔትወርክ እንደ አዲስ ከተቆጠረ ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተር በሩን ይዘጋል ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፕራይቬት አድርጉት፤ ፋየርዎሉ ላይም የዳታቤዙን ሞተር አሳልፉት። እንዲሁም ፒችትሪ ፋይሉን የሚፈልገው በድራይቭ ፊደል ከሆነ፣ ያ ፊደል ከአፕግሬዱ በኋላ መኖሩን እዩ። ፊደሉ ጠፍቶ ሰው «ዳታችን ጠፋ» ብሎ ሲደነግጥ አይቻለሁ። ዳታው ያለበት ነው፤ የጠፋው አቅጣጫ ጠቋሚው ነው።

የቆየው እትም የተሠራው ዊንዶውስ 11 ሳይታሰብ ነው። ስለዚህ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ መሥራቱ በሁሉም ላይ እንደሚሠራ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሌላ ምን ሊቆም ይችላል?

ዊንዶውስ 11 ራሱ ባለ 32 ቢት እትም የለውም፤ ቢት ፕሮሰሰሩ በአንዴ የሚሠራበት የመረጃ ስፋት ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ይሠራሉ። ከዶስ ዘመን የተረፉ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች ግን አይነሱም። መሣሪያን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኙት ባለ 32 ቢት ድራይቨሮችም እንዲሁ፤ የድሮ ፕሪንተር እና አንዳንድ ሶፍትዌር የሚከፈትበት የዩኤስቢ ቁልፍ እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

የደኅንነት ካሜራ መቅጃዎችም አሉ። የቆዩት ምስል የሚያሳዩት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እሱን ይዞ አይመጣም። ኤጅ በሚባለው የዊንዶውስ ብራውዘር ውስጥ ግን የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ የሚባል አለ። እሱን ከሴቲንጉ አብርታችሁ የመቅጃውን አድራሻ ጨምሩበት።

ከቤት ሆናችሁ፣ ከውጭ ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባው በቪፒኤን የምትሠሩ ደግሞ ከአፕግሬዱ በፊት አዲሱን የቪፒኤን ሶፍትዌር አውርዳችሁ አስቀምጡ። የድሮ ቪፒኤን ዊንዶውስ ውስጥ በኔትወርኩ ሆድ ላይ ነው የሚቀመጠው። እሱ ሲታመም አንዳንዴ ኢንተርኔቱንም ይዞ ይጠፋል፤ ያኔ ማውረጃም አይኖራችሁም።

ገና ያላሳደገ ምን ያድርግ?

ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ አታሳድጉ። አንድ ኮምፒውተር ምረጡ፤ ብዙ ነገር የምትነካ፣ ግን ዳታ የማይቀመጥባት ትሁን። እሷን አሳድጋችሁ አንድ ሳምንት ሥሩባት። ፒችትሪው ያለበት ዋናው ኮምፒውተር የመጨረሻው ይሁን፤ ከመነካቱ በፊትም ባክአፕ ይወሰድና ባክአፑ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይታይ። ከፍታችሁ ያላያችሁት ባክአፕ ላይ አትተማመኑ።

ከአፕግሬድ በኋላ ዊንዶውስ ወደ ድሮው የሚመልስ ቁልፍ ይሰጣል። ሴቲንግ ውስጥ ሪከቨሪ በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። ጊዜው ግን 10 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የድሮውን ፋይል ይሰርዘዋል፤ መመለስ የሚቻለው በፎርማት ይሆናል። እሱም ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው፤ ችግሩን ካያችሁበት ቀን አይደለም። ስለዚህ በወር አንዴ ብቻ የምትከፍቱትን ሁሉ፣ የደመወዝ ሶፍትዌሩን፣ የግብር ሪፖርቱን፣ ካሜራውን፣ ስካነሩን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሆን ብላችሁ ክፈቷቸው።